የጾም አላችሁ?

በ1999 ዓ.ም. ሑዳዴ ሲፈታ እኔ ሳልፈታ ቀረሁ። ስእለት አልነበረብኝም፤ ሐኪምም አልከለከለኝም። ሃምሳ አምስቱን ቀን ጾሜ የፋሲካ ዕለት ዶሮ ወጡ ፊቴ ሲቀርብ እጄ አልዘረጋ አለ። በማግስቱም እንዲሁ። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። ሥጋው ብቻ ሳይሆን ወተቱም፣ ቅቤውም፣ እንቁላሉም ቀረ። ለሚጠይቀኝ ሰው የምሰጠው ምክንያት ስላልነበረኝ ጠያቂው ራሱ ይፈልግልኝ ነበር። እናቴ ከደሴ ደውላ «ጨጓራህን ነው?» ትለኛለች። የዶርም ጓደኞቼ ባሕታዊው ይሉኝ ጀመር። አንዱማ ፍቅር ይዞታል ብሎ አስወራ፤ ፍቅር ምግብ ያስተወው ሰው በአንድ መቀመጫ ሦስት እንጀራ እንደማይጨርስ ማን ይንገረው።

ስድስት ኪሎ ተማሪ ነበርኩ። የግቢው ካፌ በሑዳዴ ሁለት ሰልፍ ይሠራል፤ አንዱ የጾም፣ አንዱ የፍስክ። የጾሙ ረጅም ነው፤ ጨዋታውም እዚያ ይደምቃል። ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ግን ያ ሰልፍ ይፈርሳል። እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳውን ቀን ሮብም ዓርብም ይበላል፤ ወራቱ የደስታ ነውና ቤተ ክርስቲያን ጾሙን ራሱን ታነሣዋለች። አዲስ አበባ ሥጋ ለማይበላ ሰው የተመቸች ናት ሲባል እሰማለሁ፤ አጽዋማቱ ሁሉ ቢደመሩ የዓመቱን ግማሽ ገደማ ስለሚይዙ እውነትነት አለው። ምግቡ የሚገኘው ግን በሰፈር አይደለም፣ በቀን መቁጠሪያ ነው። ሑዳዴና ፍልሰታ ላይ ከተማዋ በሙሉ የእኔ ነበረች። በዓለ ሃምሳ ላይ ደግሞ ያው ጎዳና፣ ያው ምግብ ቤት፣ ያችው አስተናጋጅ፣ ምንም የለም።

በዚያች የመጀመሪያ ዓመት ከግቢ ወጥቼ በየምግብ ቤቱ ዞርኩ። ሜኑው ላይ በያይነቱ ተጽፏል፤ ሳዝዝ ግን «እሱ በጾም ብቻ ነው» እባላለሁ። «የጾም አላችሁ?» የሚለው ጥያቄ በዚያ ወቅት ለሰው ጆሮ እንዴት እንደሚሰማ የገባኝ፣ ፒያሳ አንድ ቤት ውስጥ አስተናጋጁ ወደ ባልደረባው ዞሮ «ይሄ ልጅ ፋሲካ እንደዋለ አልሰማም መሰለኝ» ሲል ነው። ሽሮ እንዳልል ሽሮው ቅቤ አለው። ተጋቢኖው እየተንተከተከ ሲመጣ ላዩ ላይ ቅቤው ይንሳፈፋል። ቦዘናው ከነስሙ ሥጋ ነው፤ ጎመኑም በሥጋ ሆኗል። «ቅቤ የሌለበት ይኖራል?» ስል፣ ቅር እንዳይለኝ ብለው፣ «ኧረ ትንሽ ናት፣ ለሽታ ያህል ነው የገባችው» ይሉኛል። አንዷ ደግሞ ገንዘብ ያጠረኝ መስሏት ጎንበስ ብላ «ሒሳቡ ያው ነው፤ ከነቅቤው ብላ» አለችኝ።

ከዚህ ያወጣኝ ሊስትሮ ነው። አዲስ ከተማ የገባ ሰው ምግብ ቤት ሲፈልግ ሊስትሮ ይጠይቅ እላለሁ እስከ ዛሬ፤ የት ርካሽ እንደሆነ፣ የት እንደሚጠገብ፣ የትኛዋ ወጥ ሠሪ እንደሄደችና በማን እንደተተካች ያውቃል። አራት ኪሎ ጫማዬን እያስጠረግሁ ነገሩን ባነሳለት፣ ብሩሹን ሳያቆም፣ «እትዬ ጋ ሂድ። ግን ከአምስት ሰዓት በፊት» አለኝ። ለምን ከአምስት ሰዓት በፊት እንደሆነ አላብራራም።

ቤቱ ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ በሚወርደው መንገድ፣ ገባ ብሎ ነው። ታፔላ የለውም፤ በር ላይ የተሰቀለ መጋረጃ አለ፣ ውስጡ አግዳሚ ወንበርና ሁለት ጠረጴዛ። ስማቸውን የሚጠራ አልነበረም፤ ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። ጥያቄዬን እንደለመድኩት አንገቴን ደፍቼ አቀረብኩ። ትንሽ ዝም ብለው አዩኝና ድምፃቸውን ቀንሰው «ቆይ ልጄ፣ ገና አልገባም» አሉኝ።

ያልገባው ቅቤው ነው። ወጡ ላይ ቅቤ የሚጨምሩት መጨረሻ ላይ፣ ድስቱ ሊወጣ ሲል ነበር። ከዚያ በፊት ያለው ምስርም ሆነ ሽሮ፣ በዓለ ሃምሳም ይሁን ጥምቀት፣ የጾም ነው። ለእኔ የሚሆነውን በትንሽ ድስት ይቀንሱልኛል፤ ከዚያ በኋላ ነው ቅቤው የሚወርደው። የሊስትሮው አምስት ሰዓት ይህ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ምግብ ቤት ስገባ የምጠይቀው «የጾም አላችሁ?» ብዬ ሳይሆን «ቅቤው ገብቷል?» ብዬ ነው። አስተናጋጁ ወደ ጓዳ ገብቶ ጠይቆ ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜም መልሱ ደስ ያሰኘኛል። የሚከፋው ቁሌቱን ራሱን በቅቤ የሚያነሡ ቤቶች ዘንድ ነው፤ እዚያ ምንም ማድረግ አይቻልም።

ስለ ቁሌት ከተነሣ፣ እኔ የእትዬን ያህል ሽንኩርት ላይ የሚታገሥ ሰው አላየሁም። ቀይ ሽንኩርቱን አድቅቀው ከትፈው ደረቅ ድስት ላይ ያደርጉታል፤ ዘይት የለ፣ ውኃ የለ። የራሱን ውኃ አውጥቶ፣ መጥጦ፣ ቀለሙ እስኪለወጥ ያማስሉታል። ዘይቱ ከዚያ ነው። በርበሬው ይገባና ደግሞ ጠብ ጠብ እያደረጉ በውኃ ያቁላሉታል፤ ጥሬ ጥሬ መሽተቱን እስኪተው። እኔ የጎመን ዛላ እየቀነጠስኩላቸው አንድ ሰዓት ያልፋል፣ ምስሩ ገና ድስት አላየም። «ቅቤ የሰነፍን ወጥ ይደብቃል» ይሉ ነበር። ይህን ሲሉ በስም የሚያነሷቸው አንዳንድ ጎረቤቶች ነበሩ፤ እነሱን ልተዋቸው። ነገሩ ግን እውነት ነው። ቅቤ ሲቀር በደንብ ያልበሰለ ሽንኩርት፣ ያልተቁላላ በርበሬ፣ የከረመ ሽሮ ሁሉ አደባባይ ይወጣል። የአንድን ምግብ ቤት ሙያ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ክትፎውን ትቶ የጾም ምስር ወጡን ይቅመስ። ምስር ወጥ ያበላሸ ቤት ሌላውን ሊያሳምር አይችልም።

ሑዳዴ ሲገባ ደግሞ ቤቱ ሌላ ቤት ይሆናል። ስልጆው በባቄላ ዱቄትና በስናፍጭ ተበጥብጦ ሲብላላ ይሰነብታል። ሱፉ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ተጠልሎ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይወርድና እንጀራ ይፈተፈትበታል። አዚፋ፣ ተልባ፣ ቡቲቻ፣ ዓርብ ዓርብ የሽምብራ ዓሣ። እትዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ስለማይቀምሱ ጨው የሚቀምስላቸው የጎረቤት ልጅ ነበር፤ ሰባት ዓመት ስላልሞላው ጾም የለበትም። ማማሰያው ጫፍ ላይ ያለውን መዳፉ ላይ ጠብ ያደርጉለታል፣ ይልሳል፣ ያስባል። «ይበቃል» ካለ ይበቃል። እኛ ደንበኞቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረን የዚያን ልጅ ፊት እንጠብቅ ነበር። በዓመቱ ሰባት ሞላውና መጾም ሲጀምር ሥራው ለታናሽ እህቱ ተላለፈ፤ እሷ ደግሞ ጨው ወዳድ ሆና የዚያን ዓመት ሑዳዴ ውኃ ስንጠጣ ከረምን።

እትዬ ለምን ቅቤ እንደማልበላ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ከሁሉም ሰው የተለዩት በዚህ ነበር። ሒሳብ ከፍዬ ስወጣ ብቻ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ጠጋ ብለው፣ «እግዜር ያስፈጽምህ» ይሉኛል። ምርቃት መስሎኝ አሜን እላለሁ። ምን እንዲያስፈጽመኝ እንደሆነ የገባኝ ወራት ቆይቶ ነው፤ የንስሐ አባቴ ቀኖና የሰጡኝ መስሏቸው ነበር። ድምፃቸውን የሚቀንሱትም፣ ትንሿን ድስት ከጓዳ የማያወጧትም ገመናዬን እየሸፈኑልኝ ነው። ቀኖናው እየረዘመ ሲሄድ ኃጢአቴ ምን ያህል ቢሆን ነው ብለው ያስቡ እንደነበር እግዜር ይወቅ። እኔም አላስተባበልኩም፤ ያን የመሰለ ምስር የሚያበላ ግምት ማን ያስተባብላል?

ወደ እትዬ ቤት ይዤው ከሄድኩት ሰው ሁሉ የማልረሳው ከጉጃራት የመጣ መምህራችን ነው። በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ብዙ ሕንዳውያን ያስተምሩ ነበር፤ ይህ ሰው ከተወለደ ጀምሮ ሥጋና እንቁላል አልቀመሰም፣ ወተትና ቅቤ ግን ይወዳል። በአገሩ በእሽግ ምግብ ላይ ሁሉ ምልክት እንዳለ አጫውቶኛል፤ በአራት ማዕዘን ውስጥ አረንጓዴ ነጥብ ካለ ሥጋ የለበትም ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ያንን ነጥብ ፈልጎ አጥቶ ሻይና ሙዝ ላይ ነበር የሰነበተው። እኔም የኛን ምልክት አሳየሁት፤ ሥጋ ቤቱ ከተዘጋ ግባ። በሑዳዴ የሥጋ ቤት በሮች ተቆልፈው አንዳንዶቹም ቀለም ሲቀቡ፣ እኔና እሱ በየትኛውም በር መግባት እንችላለን። የአይሁድ ሸንጎ ጌታን ለመያዝ የመከረበት ሮብ፣ የተሰቀለበት ዓርብ መሆኑን ስነግረው እናቱ ሰኞ ሰኞ ለሺቫ እንደሚጾሙ ነገረኝ። የእትዬን ክክ አልጫ ቀምሶ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ቀጥሎ ስለ እርድና ስለ ዝንጅብሉ ብዙ ጠየቀ። እሳቸውም በአማርኛ፣ እሱም በእንግሊዝኛ፣ ሁለቱም ድስቱ ላይ አጎንብሰው ተግባቡ።

የምንለያየው በዓለ ሃምሳ ሲመጣ ነበር። እሱ ቅቤ የገባበትን ሽሮ እያጣጣመ ሲበላ እኔ ትንሿን ድስት እጠብቃለሁ። በዚያ ወቅት ከአንድ ትሪ በልተን አናውቅም።

ተመርቄ ሥራ ስይዝ ከስድስት ኪሎ አካባቢ ርቄ ነበር። በመጀመሪያ ደመወዜ ጣይቱ ሆቴል ገባሁ። እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት፣ በአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል የሚባለው ይህ ቤት፣ ፒያሳ ላይ ስንት ዘመን አልፌው ሄጃለሁ፤ ምሳ ሰዓት ላይ የጾም ቡፌ እንዳለው ግን የነገረኝ የለም። ያውም በየቀኑ። በበዓለ ሃምሳ ማክሰኞ ቀን ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ድንቹ፣ ሰላጣው ተደርድሮ ሳይ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት፤ የሆነ ቦታ ሥጋ ተደብቆ ይሆናል ብዬ። ለወትሮው ለሦስት ሰው የምመልሰውን ጥያቄ እዚያ ማንም አልጠየቀኝም። ከጎኔ ሐኪም ቅባት የከለከላቸው የሚመስሉ አዛውንት፣ ወዲያ ማዶ ሻንጣቸውን ወለሉ ላይ የጣሉ ቱሪስቶች፣ በሩ አጠገብ ፓስተር ይሁኑ ነጋዴ ያልለየኋቸው ሰውዬ ተቀምጠዋል። የእንጨቱ ወለል ሰው ሲራመድበት ይጮኻል። ከዚያ ቀን ወዲህ እንግዳ ሲመጣብኝ የት ልውሰደው ብዬ ተጨንቄ አላውቅም። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶ የጃዝ ቤቱን ጃዛምባን ሲበላው፣ ዜናውን የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ነው፤ ወርጄ በእግሬ ፒያሳ ሄድኩ፣ እንደኔው ሊያዩ ከወጡ ሰዎች ጋር ቆሜ ጢሱን አየሁ። ሆቴሉ ተረፈ፤ ቡፌውም ተመለሰ።

ፉል ቤቶችንም ሳላመሰግን አላልፍም። ቁርስ ላይ እነሱ ባይኖሩ ኖሮ በደረቅ ዳቦ አርጅቼ ነበር። እንቁላሉም፣ እርጎውም፣ ቅቤውም የሚጨመረው ፉሉ ሳህን ላይ ከወጣ በኋላ ስለሆነ «ባዶውን» ማለት ይበቃል፤ ማንም ቅር አይለውም። ከሰዓት ጁስ ቤት አለ፤ አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ በስፕሪስ፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ ቪምቶ ላዩ ላይ ወርዶለት። የለውዝ ወተት የሚገባበት የጾም ማኪያቶ፣ የጾም ኬክ፣ የጾም በርገር የሚባለው ሁሉ ኋላ የመጣ ነው። ወጣቶቹ ይወዱታል። እኔ ማኪያቶውን ቀምሼ ወደ ጥቁር ቡናዬ ተመልሻለሁ።

የእትዬ ቤት ዛሬ የለም። እርጅናው ሲመጣ ልጃቸው ጋ ሰሚት ገቡ። ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቃቸው የሄድኩ ዕለት ቡና አፍልተው፣ ቆሎ አቅርበው፣ ልጃቸው ወደ ጓዳ እስክትገባ ጠብቀው «ልጄ፣ እስካሁን አላለቀም?» አሉኝ። «አላለቀም እትዬ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ምን ዓይነት ጨካኝ አባት ቢሆኑ ነው» አሉ።

ባለፈው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ የእህቴ ልጅ ከሲልቨር ስፕሪንግ መጣች። እዚያ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ራሷን ቪጋን ትላለች፣ ከእንስሳ የመጣ ማንኛውንም ነገር አትነካም፤ ማር እንኳ። ዋሽንግተንና አካባቢው ያሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በያይነቱን ዓመቱን ሙሉ ስለሚሸጡ፣ ሐበሻ ሁልጊዜ እንደዚህ የሚበላ መስሏት ነው ያደገችው። ደግነቱ የመጣችው በፍልሰታ ነው። ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሙበት፣ ከተማው በሙሉ በዘይት የሚሠራበት ሁለት ሳምንት። ደስ አለኝ፤ በየትኛውም በር ይዣት ልገባ እችላለሁ ብዬ ካዛንቺስ አጠገብ ወደ አንድ ሰፋ ያለ ምግብ ቤት ወሰድኳት።

አስተናጋጁ የጾሙን ዝርዝር በቃሉ አወረደልን። «በያይነቱ አለ፣ ተጋቢኖ አለ፣ የእንጉዳይ ጥብስ አለ፣ ዓሣ ጉላሽ አለ፣ ዓሣ ለብለብ አለ...»

«ዓሣ?» አለች ልጅቷ። «ጾም ነው አላልከኝም ጋሼ?»

«ዓሣ እኮ የጾም ነው» አለ አስተናጋጁ።

«እንስሳ አይደለም?»

ልጁ እኔን አየኝ። መልስ ልሰጥ ስል ከጎናችን ጠረጴዛ ነጠላ የለበሱ እናት «ልጅቷ እውነቷን ነው!» አሉ። «ዓሣ በጾም አይበላም፤ ማን ነው የፈቀደው?» ከጀርባችን አንድ ጎልማሳ «ሐዋርያት እኮ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ እማማ» አላቸው፤ ሳህኑ ላይ የተጠበሰ ቆሮሶ ተጋድሟል። «ማጥመድ ሌላ፣ በፍልሰታ መብላት ሌላ!» ሌላው «ደም የለውማ» ሲል፣ የሦስተኛው ጠረጴዛ ሰውዬ ሹካውን አስቀምጦ «አንተ ዓሣ ሲበለት አይተህ ታውቃለህ?» አለው። እናትየው ወንበራቸውን ወደ ልጅቷ አዙረው ስለ ፍልሰታ ያስረዷት ጀመር፤ ልጅቷም አማርኛው እያጠራት ስለ ባሕርና ስለ መረብ ትመልስላቸዋለች። ባለ ቆሮሶው ጎልማሳ መብላቱን አላቆመም።

አስተናጋጁ መሐል ላይ ቆሞ እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰካ።

«እሺ፣ ለእናንተ ምን ላምጣ?»

«በያይነቱ ለሁለት» አልኩት፤ «ዓሣው ይቅር። ስልጆ ካለ ጨምርበት።»

«ስልጆ የለም፤ እሱ በሑዳዴ ነው።»